አንቀጽ 84 በሁለት መስኮት

ታናሽ እህቴ የመውጫ ፈተናዋ ዘጠኝ ሳምንት ሲቀረው ላፕቶፗን በነጠላ ጠቅልላ ቤቴ መጣች። የአምስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ናት፤ የእኔ እንጀራ ሶፍትዌር መፈተሽ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር እየተንቀራፈፈ አስቸገረኝ፣ እስቲ እየው» አለችኝ። ከፈትኩት። አሥራ ዘጠኝ ፒዲኤፍ በአንድ ማንበቢያ ውስጥ ተደርድሯል፤ ከቦታ ጥበት የተነሳ ከየፋይሉ ስም የሚታየው ሁለት ሦስት ፊደል ብቻ ነው። ከሥሩ የመምህራን ሐንዳውት፣ የዎርድ ማስታወሻ፣ ቴሌግራም። ማሽኑ ቢንቀራፈፍ አይፈረድበትም። የገረመኝ እሷ በዚያ መሃል እንዴት እንደምታጠና ነው።

«እስቲ እንደወትሮሽ አጥኚ፣ ልይሽ» ብዬ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ሐንዳውቱ ላይ ስለ ሕገ መንግሥት ትርጉም ጥቂት መስመር አነበበች፤ «አንቀጽ 84 ይመልከቱ» ይላል። ሕገ መንግሥቱን ፍለጋ ሄደች። የተሳሳተ ፋይል ከፈተች፣ ተመለሰች፣ ትክክለኛውን አገኘች፣ ወደ ታች ወረደች፣ አንቀጹ ላይ ደረሰች። እዚያ ስትደርስ ሐንዳውቱ የጠየቀው ምን እንደነበር ጠፋት። ዕቃ ሊያመጣ ጓዳ ገብቶ ምን ሊያመጣ እንደገባ የረሳ ሰው ታውቁ የለም? ልክ እንደዚያ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ያነበበችበት ጊዜ ከፈለገችበት ያንሳል።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ እስከ ፈተናው ድረስ የሞከርነውን እዚህ ጽፌዋለሁ። ጉዳዩ የአንዲት ተማሪና የአንድ ላፕቶፕ ነው። ሆኖም ሁለት ሰነድ እያስተያየ የሚያጠና ሁሉ፣ ነርስም ይሁን አካውንታንት፣ ከራሱ ነገር ጋር የሚገጥም አንድ ሁለት ነጥብ ያገኝበታል ብዬ እገምታለሁ።

የሕግ ተማሪ ለምን ሁለት ሰነድ እንደሚያስፈልገው

እኔ የሕግ ሰው ስላልሆንኩ መጀመሪያ እሷ አስረዳችኝ። የሕግ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ተመርቃ የምትቆምበት የፌዴራል ፍርድ ቤት ግን የሚሠራው በአማርኛ ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 አማርኛን የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ አድርጎታል። አንቀጽ 106 ደግሞ የሕገ መንግሥቱ የአማርኛ ቅጂ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና እንዳለው ይደነግጋል። ለሌሎቹ የፌዴራል ሕጎችም ሥርዓቱ ያው ነው፤ የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲወጣ፣ ሁለቱ ሲለያዩም አማርኛው እንዲጸና አድርጓል።

ነገሩን ስታሳጥረው እንዲህ አለችኝ፦ «አምስት ዓመት የምማረው በሚሸነፈው ቅጂ ነው።»

«ታዲያ ነጋሪት ጋዜጣው ራሱ ጎን ለጎን አይደል እንዴ የሚታተመው?» አልኳት። ግራው አማርኛ፣ ቀኙ እንግሊዝኛ። መልሷ ስክሪኑን ማሳየት ነበር። ላፕቶፗ 14 ኢንች ነው፤ ስፋቱ 1366 ፒክስል። ጋዜጣው ሙሉ ስክሪን ላይ ሲሰፋ እያንዳንዱ ዓምድ ስድስት መቶ ፒክስል ገደማ ይደርሰዋል፣ ይነበባል። ስክሪኑን ለሁለት ከፍለው ጋዜጣውን በአንደኛው ወገን ሲያስቀምጡት ግን ለአማርኛው ዓምድ የሚቀረው ሦስት መቶ ገደማ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ በዚያ መጠን እንደምንም ይታያል። «ሏ»ን ከ«ሎ»፣ «ጿ»ን ከ«ጸ» ለመለየት ግን አፍንጫን ስክሪኑ ላይ መለጠፍ ያስፈልጋል፤ በተለይ ሰነዱ ስካን ከሆነ።

ከዚህም ሌላ የምትፈልጋቸው ሰነዶች ሁሉ በጋዜጣ መልክ የመጡ አይደሉም። በእጇ ያለው የፍትሐ ብሔር ሕግ አማርኛው በአንድ ፋይል፣ እንግሊዝኛው በሌላ ፋይል ነው። የሰበር ውሳኔዎች ደግሞ በየቅጹ የታተሙት በአማርኛ ነው። እነሱን መዝለል አይቻልም። ከአዋጅ 454/1997 ጀምሮ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ አዋጅ 1234/2013ም ይህንኑ አስቀጥሏል። ሕጉን ያለ ሰበር ማንበብ ግማሽ ሕግ ማንበብ ነው ትላለች።

የመረጥነው መተግበሪያ

ብዙ አላማረጥንም። አራት ነገር ፈለግኩ፦ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ የማያስከፍል፣ ፒዲኤፍን በውስጡ የሚከፍት፣ ማስታወሻውንም ነገ ሌላ ፕሮግራም ሊያነበው በሚችል ተራ ጽሑፍ የሚያስቀምጥ። ኦብሲዲያን አራቱንም ያሟላል። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ማስታወሻዎቹን በራስ ኮምፒውተር ላይ ባለ ተራ ፎልደር ውስጥ ያኖራል። የዶርሙ ዋይፋይ ቢጠፋ ጥናቱ አይቆምም።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ፋይል ከፍተው በስሙ ላይ ቀኝ ጠቅ አድርገው «ስፕሊት ራይት» ሲሉት ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል። በአዲሱ መስኮት ሌላ ፋይል ይከፍታሉ። ሁለቱን የጎን ሰሌዳዎች መደበቅ አይርሱ፤ በትንሽ ስክሪን ላይ ቦታ የሚበሉት እነሱ ናቸው። ከማስታወሻ ውስጥ ወደ ፒዲኤፉ የተወሰነ ገጽ የሚያደርስ ሊንክ መሥራትም ይቻላል፤ ከፋይሉ ስም ቀጥሎ የገጹ ቁጥር ይጻፋል፣ ሲጫኑት እዚያው ገጽ ላይ ያርፋል።

እዚህ ጋ ግማሽ ቀን የበላብንን ነገር ልናገር። ነጋሪት ጋዜጣ ላይ የታተመው የገጽ ቁጥር ዓመቱን ሙሉ ተያይዞ የሚሄድ ነው፤ አንድ አዋጅ ከአራት አኃዝ በሆነ ገጽ ሊጀምር ይችላል። መተግበሪያው ግን የሚቆጥረው የፋይሉን ቅደም ተከተል ነው፤ ለእሱ የመጀመሪያው ገጽ ምንጊዜም 1 ነው። የሰበር ቅጾችም ሽፋንና ማውጫ ስላላቸው የታተመው ቁጥርና የፋይሉ ቁጥር ይለያያሉ። እህቴ የታተመውን እየጻፈች ሊንኮቿ ሁሉ ሌላ ገጽ ላይ ይወድቁባት ነበር። በመጨረሻ በእያንዳንዱ ቅጽ ማስታወሻ አናት ላይ «ይህን ያህል ደምር» የሚል አንድ መስመር ጻፍን፤ ተገላገልን።

የመጀመሪያው ሳምንት ስህተት የእኔ ነው

ሦስት መስኮት አደረግኩላት። ግራ ሕጉ፣ መሃል ማስታወሻው፣ ቀኝ ሐንዳውቱ። ለዓይን ያምራል፤ የአውሮፕላን አብራሪ ክፍል ይመስላል። በሁለተኛው ቀን ደውላ «ጋሼ፣ ምኑንም አላየሁት» አለችኝ። 1366 ፒክስል ለሦስት ሲካፈል 455 ነው፤ ጋዜጣው እዚያ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ከላይ ተናግሬያለሁ። እንዲያውም ስክሪኑ ሰፊ ቢሆን ኖሮ የሚሻል አይመስለኝም። ሦስት ነገር ፊት ለፊት ተዘርግቶ ሳለ ዓይን የት እንደሚያርፍ አያውቅም።

ወደ ሁለት ወረድን። አንድ ደንብም አወጣን፦ አንዱ ይቆማል፣ አንዱ ይሄዳል። የቆመው የሚጠይቀው ነው፣ የሚሄደው የሚመልሰው። ሐንዳውቱ «አንቀጽ 84» ካለ ሐንዳውቱ በግራ ይቆማል፤ በቀኝ በኩል ሕጉ፣ ከዚያ አዋጁ፣ ከዚያ ውሳኔው ይፈራረቃል። ጓዳ ገብታ ብትረሳ እንኳ ዞር ስትል ጥያቄው እዚያው ቆሞ ይጠብቃታል። ነገሩ ተራ ይመስላል፤ ከመተግበሪያው ባሕርያት ሁሉ ይበልጥ የጠቀመን ግን ይሄ ነው።

አንቀጽ 84

በአራተኛው ምሽት አካባቢ ነው። የሕገ መንግሥቱን የአማርኛ ቅጂ በግራ፣ እንግሊዝኛውን በቀኝ ከፍታ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤን ሥልጣን ታነባለች። እኔ ቡና እያፈላሁ ነበር። «ጋሼ፣ ና እስቲ!» ብላ ጮኸች።

አንቀጽ 84 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ እንግሊዝኛው ማንኛውም የፌዴራል ወይም የክልል ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ተብሎ ሲቀርብ ጉባኤው ይመረምረዋል ይላል። ማንኛውም ሕግ። አማርኛው ግን የሚያወራው በፌዴራልም ሆነ በክልል ሕግ አውጪ አካላት ስለሚወጡ ሕጎች ነው። ልዩነቱ ለእኔ የጸሐፊ ምርጫ ነበር የመሰለኝ። ለእሷ ግን እንዲያ አልነበረም። ሕግ አውጪ አካል ማለት ምክር ቤት ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚያወጣው ደንብስ? አንድ መሥሪያ ቤት የሚያወጣው መመሪያስ? በእንግሊዝኛው ካነበቡት እነሱም ወደ ጉባኤው የሚሄዱ ይመስላል። በአማርኛው ቃል በቃል ከሄዱ ግን ከአንቀጹ ውጪ ይቀራሉ፤ እንግዲያውስ ደንብ ወይም መመሪያ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል የሚል ክርክር መደበኛ ፍርድ ቤት ሊያየው ይችላል የሚያሰኝ በር ይከፈታል። የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው ደግሞ አማርኛው ነው።

ይህ እህቴ ያገኘችው ግኝት አይደለም፤ የሕገ መንግሥት ምሁራን ሲከራከሩበት የኖረ ነገር ነው፤ መምህሯም ክፍል ውስጥ አንስቶታል። «ሰምቼው ነበር፤ ዛሬ ግን አየሁት» አለችኝ። በቀጣዩ ቀን አዋጅ 798/2005ን ከፍታ አየች፤ የአጣሪ ጉባኤው አዋጅ «ሕግ»ን ሲተረጉም ደንብንና መመሪያን ይጨምራል። እንግዲህ ሕገ መንግሥቱ በአማርኛ ያጠበበውን አዋጁ አሰፋው ማለት ነው? አዋጅ የሕገ መንግሥትን ቃል ማስፋት ይችላል? ይሄን ጥያቄ ለሁለት ቀን ስታመላልሰው ሰማኋት። ለፈተናው ምናልባት አንድ ምርጫ ብቻ ይመጣበታል። እሷ ግን ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛውን ብቻዋን አንብባ አታልፍም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ልዩነቱን ያሳያት ሁለቱ ቅጂዎች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይን ርቀት መታየታቸው ነው። ቀድሞ ሁለቱንም አንብባቸው ነበር፣ በተለያየ ቀን። የቃል ልዩነት በተለያየ ቀን አይታይም፤ አእምሮ ሐሳቡን እንጂ ቃሉን አያስቀምጥም።

የማይቀዳው አማርኛ

ከዚያ ምሽት በኋላ የአማርኛውን ሐረግ ቀድታ ማስታወሻዋ ላይ ልትለጥፍ ሞከረች። ከአንዱ ፋይል የወጣው የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ቅልቅል ነው፤ ድመት ኪቦርድ ላይ የሄደችበት ይመስላል። ከሌላው ደግሞ ምንም አልወጣም።

ሁለተኛው ስካን ስለሆነ ፎቶግራፍ ነው፤ ውስጡ ፊደል የለም። የመጀመሪያው ምክንያት የቆየ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደልን የሚለዩበት የጋራ መለያ፣ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት በየቢሮው ሲሠራባቸው የቆዩት፣ ፊደሎቻችንን በላቲኑ መቀመጫ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ለዓይን «ሀ» ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሌላ ምልክት። ስለዚህ እንዲህ ያለ ፋይል ውስጥ «መመሪያ» ብለው ቢፈልጉ ፋይሉ መመሪያ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም።

መፍትሔ ብዬ ያቀረብኩላት ጽሑፍ ከሥዕል የሚያነብ ፕሮግራም ነበር። ሞክረነው የአንቀጽ ቁጥሮችን አሳሳተብን። ለሕግ ተማሪ ቁጥር የሚያሳስት መሣሪያ መርዝ ነው፤ ተውነው። ቁልፍ የሆነውን ሐረግ በእጇ እየተየበች ከጎኑ የገጹን ሊንክ ማድረግ ጀመረች። አሰልቺ ነው። ግን አንድ ሐረግ ስትተይብ ቃሉን አንድ በአንድ ማየቷ አይቀርም፤ «ወይም» የሚለውን «እና» አድርጋ የጻፈችበትን ጊዜ ራሷ ተመልሳ ያዘችው።

ያላጠናችው ጥናት

በሦስተኛው ሳምንት ሁሉ ነገር የሰመረ መሰለኝ። ማስታወሻዎቿ አማሩ። ቀለም ሰጠቻቸው፣ ርዕስ ሰጠቻቸው፣ የመስኮቶቹን አቀማመጥ በየትምህርቱ ዓይነት አስቀመጠች። አንድ እሑድ ላፕቶፑን ዘጋሁትና «አንቀጽ 84 ንዑስ 2?» አልኳት። አንቀጽ 84ን መለሰች። ከዚያ ሌሎች ስድስት ጠየቅኳት፣ ባለፈው ሳምንት ጎን ለጎን ያስተያየቻቸውን። አንዱን ብቻ። እጇ ወደ ላፕቶፑ ክዳን ሲሄድ አየሁት።

ተናደደች፤ በእኔም በራሷም። «እዚያ አለኮ! ሁለቱም እዚያ አሉ!» አለች። ችግሩም ይኸው ነው፤ እዚያ አሉ። ሁለት ሰነድ ፊት ለፊት ሲሆን ዓይን ወዲያና ወዲህ እያለ መልሱን ያገኘዋል፤ ማስታወስ አያስፈልገውም። የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጆን ስዌለርና ፖል ቻንድለር በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ያሳዩት አንድ ነገር አለ። ተማሪ እርስ በርስ ካልተያያዙ ብቻቸውን ትርጉም የማይሰጡ ሁለት መረጃዎች፣ ለምሳሌ ሥዕልና ማብራሪያው፣ ተለያይተው ሲቀርቡለት ጉልበቱ የሚያልቀው እነሱን በማገናኘት ነው፤ ለመማር የሚተርፈው ያንሳል። የሚሻለው ማብራሪያውን ሥዕሉ ውስጥ፣ በቦታው በቦታው ማስገባት ነው። የተከፋፈለ ትኩረት ውጤት ይሉታል።

ይሄን ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «አያታችን የሚያደርጉት ነገር ነው እኮ» አለች።

እውነቷን ነው። አያታችን የመጻሕፍት ተማሪ ነበሩ፤ የአንድምታ ትርጓሜ ሲያሰሙ ልጅ ሆነን ሰምተናል። ግዕዙን በአንድ ወገን፣ አማርኛውን በሌላ ወገን አያስቀምጡትም። ንባቡን ቁርጥራጭ አድርገው አንዷን ሐረግ ይሏታል፤ እዚያው በአማርኛ ይፈቷታል፤ «አንድም» ብለው ሁለተኛውን ፍቺ ያመጣሉ፤ «አንድም» ብለው ሦስተኛውን። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ሐረግ። ንባቡና ፍቺው ተጠላልፈው ነው የሚሄዱት፣ ለዚህም ነው በቃል የሚያዙት።

በዚያው ቀን ማስታወሻዋን መልሳ ጻፈችው። ሁለት ዓምድ ቀረ። አናት ላይ የአማርኛው ሐረግ፤ ከሥሩ ገባ ብሎ «አንድም»። የአንቀጽ 84 ማስታወሻዋ ይህን ይመስል ነበር፦

«በሕግ አውጪ አካላት የሚወጡ ሕጎች።
አንድም፦ እንግሊዝኛው ማንኛውም የፌዴራል ወይም የክልል ሕግ ይላል፤ ደንብና መመሪያ ይገባሉ።
አንድም፦ አዋጅ 798/2005 ደንብና መመሪያን ሕግ ብሎ ተርጉሟል። ይችላል?
የሚጸናው፦ አማርኛው፣ አንቀጽ 106።»

ከዚህ በኋላ ጎን ለጎኑ የሚያገለግለው ልዩነት ለማደን ብቻ ሆነ። የታደነው ሲያዝ ወደ አንድም ይገባል፣ ሁለቱም መስኮት ይዘጋል፣ ከዚያ በቃል ትለዋለች። ስትሳሳት ብቻ መስኮቱ ይከፈታል። እኔ የሶፍትዌር ሰው ሆኜ የምመክረው ነገር መስኮት መዝጋት ሆኖ ማረፉ ትንሽ ያስቃል።

አንድ ፋይል፣ ሁለት ጊዜ

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ጋ ስንደርስ ያላሰብነው ነገር መጣ። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. የታወጀ፣ 3367 አንቀጽ ያለው ነው። ስለ ቤት ሽያጭ ስታጠና ቢያንስ አራት አንቀጽ በአንድ ላይ መያዝ አለባት። አንቀጽ 1720፦ ሕጉ ልዩ ፎርም ባዘዘበት ጊዜ ያ ፎርም ካልተከበረ ውል የለም፣ ያለው ረቂቅ ነው። አንቀጽ 1723፦ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ (ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው) ፊት መሆን አለበት። አንቀጽ 2877፦ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም፤ ስለ አዋዋይ ግን አያነሳም። አንቀጽ 2878፦ ሽያጩ በመዝገብ ካልተመዘገበ ሦስተኛ ወገንን አይነካም።

1723 እና 2877 በ1154 አንቀጽ ይራራቃሉ። ሁለቱም ስለ አንድ ቤት ያወራሉ፣ አንዱ የጠየቀውን ሌላው አልጠየቀም። በወረቀት መጽሐፍ ቢሆን አንድ ጣት እዚህ፣ አንድ ጣት እዚያ ይደረጋል። በኮምፒውተር ግን አንድ ፋይል አንድ ቦታ ነው ብለን ስለምናስብ ስታንከባልለው ትውላለች። ያንኑ ፋይል በሁለት መስኮት ከፈትንላት፤ ግራው 1723 ላይ ቆመ፣ ቀኙ 2877 ላይ። እስካሁን ድረስ ከሁሉ ይበልጥ የምትጠቀመው ይሄንን እንደሆነ ትነግረኛለች፤ ሁለት ቋንቋም ሁለት ሰነድም አይደለም፣ አንዱ መጽሐፍ ከራሱ ጋር ሲነጋገር ነው።

ከዚያ ግራውን ቀይራ የሰበር መዝገብ ቁጥር 21448ን አቆመች፤ በቅጽ 4 ያለ ውሳኔ ነው። ችሎቱ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በ1723 መሠረት በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት ካልተደረገ አይጸናም አለ። 2877ን ብቻ ይዞ «በጽሑፍ አለኝ፣ ይበቃኛል» ላለ ገዢ ይህ ትልቅ ዱላ ነው። በኋላ ችሎቱ ተዋዋዮቹ የውሉን መኖር ባልካዱባቸው ጉዳዮች አቋሙን ሲያለሳልስ ይታያል። እሷ እነዚህን ውሳኔዎች በቅደም ተከተላቸው በግራ እያፈራረቀች፣ ሁለቱን አንቀጾች በቀኝ አቁማ፣ እያንዳንዱን ወደ አንድም ከተተችው። ያን ቀን ያጠናችውን እኔም ይዤዋለሁ፤ ቤት ልገዛ ስል ይጠቅመኛል።

ስልኩ

መብራት በሚጠፋበት ጊዜ በስልክ ሞከርን። አንድሮይድ ከ7.0 ጀምሮ፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ማለት ነው፣ ሁለት መተግበሪያ በአንድ ስክሪን ይከፍታል። ፒዲኤፍ ላይ አይረባም፤ ለማጉላትና ለማንቀሳቀስ ጣት አይበቃም። አንድሞቹን ለማንበብ ግን ምቹ ነው፤ ተራ ጽሑፍ ስለሆኑ ፊደላቸው እንደፈለጉት ይሰፋል። ታክሲ ውስጥ ትከልሳቸው ነበር።

ውጤቱ

ፈተናውን አለፈች። የመውጫ ፈተና ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፤ ከዚያ በላይ አገኘች፤ ስንት እንዳገኘች እንዳልጽፍ አስምላኛለች። ያለፈችው በዚህ ዘዴ ነው ብዬ ግን አልከራከርም። የዶርም ጓደኛዋ ላፕቶፕ የላትም። ባለ 100 ገጽ ደብተር ገጹን መሃል ለመሃል በማስመሪያ ከፍላ፣ በግራ አንቀጹን በቀኝ የሰበሩን ነጥብ እየጻፈች አጠናች፤ እሷም አለፈች፣ እንዲያውም ከእህቴ በልጣ። እህቴ ይሄን ስትነግረኝ ፊቷ ላይ ያየሁት ቅናት ነው ወይ አድናቆት፣ እስካሁን አልለየሁትም።

መልሼ ብሠራው የምለውጠው አለ። ያን የሦስት መስኮት ሙከራ አስቀርና መጀመሪያውኑ ሁለት ላይ እጀምራለሁ። ላፕቶፑን ዘግቼ የጠየቅኳትንም እሑድ ወደ መጀመሪያው ሳምንት አመጣዋለሁ፤ በሦስተኛው ሳምንት መሆኑ ብዙ ምሽት አስበልቷታል። የማስታወሻ ቀለም ብሎ ነገር አላስጀምራትም። የገጽ መደመሩን ነገር በመጀመሪያው ቀን እጽፈዋለሁ።

አሁን በአንድ ጠበቃ ቢሮ ተቀጥራ እየሠራች ነው። ባለፈው ወር ደወለችልኝ፤ «ጋሼ፣ ሦስት መስኮት ያስፈልገኛል» አለች። ያንን ነገር እኮ ትተነዋል ልላት ስል አስረዳችኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን መጀመሪያ ያረቀቀው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነው፣ ረቂቁም በፈረንሳይኛ ነበር። አማርኛውና እንግሊዝኛው አንድ አንቀጽ ላይ ሳይስማሙ ሲቀሩ አለቃዋ ፈረንሳይኛው ምን ይላል ብለው ይጠይቃሉ። «ፈረንሳይኛ መቼ ትችያለሽ?» አልኳት። «አልችልም፤ ቃሉን ግን አየዋለሁ፤ መዝገበ ቃላት አለ» አለች። ትልቅ ስክሪን እንድትገዛ መከርኳት። ዋጋውን ጠይቃ ሳቀች።

ማታ ፎቶ ላከችልኝ። ላፕቶፑ ላይ አማርኛውና እንግሊዝኛው ለሁለት ተከፍለው ይታያሉ። ከላፕቶፑ በስተቀኝ፣ የሻይ ቴርሞስ ላይ ተደግፎ የቆመ ፎቶኮፒ አለ፤ በእርሳስ የተሰመረበት፣ የፈረንሳይኛው አንቀጽ 1723።